በእንግድነት ምድር ስለሚተከል ዛፍ

በሰው አገር የሚኖር ሰው በተከራየው ግቢ ውስጥ ዛፍ መትከል ይገባዋልን? ነገ ለሚለቀው መሬት ዛሬ ላቡን ማፍሰስ ጥበብ ነውን ወይስ ሞኝነት? ጥያቄው ላይ ላዩን ሲያዩት ትንሽ ነው፤ የአካፋና የውኃ ነገር ብቻ ይመስላል። ጠለቅ ብሎ ለሚመረምረው ግን የመላው የሰው ኑሮ ጥያቄ ነው። ከያዘው ስፍራ ሳይለቅ ለዘለዓለም የሚቀመጥ ማን አለና?

ነገሩን በደፈናው እንዳንናገረው አንድ የታወቀ ሰፈር እንመልከት። በካርቱም ከተማ ዴም የሚባል ሰፈር አለ። ቃሉ በሱዳን ዐረብኛ ሰፈር ወይም ማረፊያ እንደ ማለት ነው። አሮጌዎቹ ዴሞች ከልዩ ልዩ ነገድ የመጡ ሠራተኞች የሚኖሩባቸው መንደሮች ነበሩ። ከ1940 ዓ. ም. በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት የዚያን ጊዜው መንግሥት እነዚህን መንደሮች አፍርሶ፥ ነዋሪዎቹን ተለክቶ ወደ ተሸነሸነ ባዶ መሬት አዛወራቸው። ዛሬ ዴም የምንለው ሰፈር የተወለደው እንዲህ ነው። እንግዲህ ይህ ስፍራ ከመጀመሪያው አንሥቶ ከሌላ ቦታ የተነሡ ሰዎች መኖሪያ ነው። ከ1966 ዓ. ም. በኋላ በአገራችን መከራ በበዛ ጊዜ፥ ይልቁንም በ1977 ዓ. ም. በራቡ ዘመን፥ በመተማና በከሰላ በኩል ድንበር የተሻገሩ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ወደ ሱዳን ከተሞች ገቡ፤ በካርቱም ከተቀመጡትም ብዙዎቹ ዴምን መረጡ። ሰፈሩም አማርኛና ትግርኛ በመንገዱ የሚሰማበት፥ የእንጀራና የቡና ሽታ ከየደጁ የሚወጣበት ሰፈር ሆነ።

ከእነዚህ እንግዶች ብዙዎቹ በልባቸው መንገደኞች ነበሩ። አንዱ ወደ ሦስተኛ አገር የሚሻገርበትን ቀን ይጠብቃል፤ ሌላው አገሩ ሰላም ሲሆን የሚመለስበትን ቀን ይቈጥራል። ለአንድ ዓመት ብሎ የገባም ሳያውቀው እርጅና ይደርስበታል። እንዲህ ባለ ኑሮ ውስጥ የምትነገር አንዲት ቃል አለች፤ እርስዋም «ምን ያደርግልኛል? የሰው ቤት ነው» የምትል ናት። በዚህች ቃል ምክንያት ግቢው ባዶ ይቀራል፤ ልጆች በሚያቃጥል አቧራ ላይ ይጫወታሉ፤ ሰውየውም የሚኖርበትን ቀን ገና እንዳልመጣ ቈጥሮ፥ ያለበትን ቀን ሳይኖርበት ያሳልፈዋል።

ቤቱ አዲስ የተሠራ እንደ ሆነ የግቢው መልክ የታወቀ ነው። ግንበኛው ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ የጡብ ስባሪ፥ የሲሚንቶ ቅርፊት፥ የኖራ ዱቄትና የሽቦ ቍራጭ ትቶ ይሄዳል። መሬቱ በእግርና በጋሪ ተረግጦ እንደ አውድማ ጠንክሯል። ጥላ የሚባል ነገር የለም፤ ሐቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል በተነሣ ጊዜም ግቢውና መንገዱ አይለዩም። ይህን አይቶ ተስፋ የማይቈርጥ ሰው ጥቂት ነው።

ከደጋ የመጣው ሰው «እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ፤ መሬት አያስተምረኝም» ብሎ ይመካ ይሆናል። ነገር ግን በዚያ ስፍራ እርሱም ጀማሪ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስትሆን ካርቱም ከ400 ሜትር በታች ናት። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ዝናም ታገኛለች፤ ካርቱም ግን 150 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ፥ ያውም አብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ የሚወርድ ነው። በሚያዝያና በግንቦት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። በአገሩ ሰኔ ሲገባ ዘር የሚያወጣው ገበሬ፥ በካርቱም የጓሮ አትክልት ጊዜው ቀዝቃዛው ወራት፥ ማለት ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው መሆኑን ሲሰማ ይገረማል። ጎመኑን በዚህ ወራት ቢዘራ ይበላል፤ በግንቦት ቢዘራ ግን ፀሐይ ይበላበታል። በሶብላ ሙቀቱን ይችላል፤ የአገሩም ሰዎች ሪሐን ብለው ያውቁታል። ባሚያና ሞሎኪያ ደግሞ ደገኛው በቤቱ ያልለመዳቸው፥ ለዚያ ሙቀት ግን የተፈጠሩ የሚመስሉ ተክሎች ናቸው።

እንግዲህ ባዶውን ግቢ የሚያለማ ጀማሪ ምን ያድርግ? ሥራውን በአጭሩ እንናገራለን፤ በእያንዳንዱ ሥራ ውስጥ የጠባይ ትምህርት አለበትና።

አንደኛ፥ ከመቈፈር በፊት ማየት ነው። ፀሐይ ጧት ከየት ገብታ ማታ በየት እንደምትወጣ፥ ከሰዓት በኋላ የትኛው ግንብ እንደሚግል፥ በቀዝቃዛው ወራት ከሰሜን የሚመጣው ነፋስ የትኛውን ማዕዘን እንደሚመታ ጥቂት ሳምንት ይመልከት። የችኮላ ተካይ ሁለት ጊዜ ይቈፍራል። በሰው አገር የገባ ሰውም የአገሩን ልማድ አይቶ ቢናገር ከብዙ ስሕተት ይድናል።

ሁለተኛ፥ ማጽዳት ነው። ፍርስራሹን ዐፈር አልብሶ መትከል ቍስልን ሳያጥቡ በጨርቅ እንደ መሸፈን ነው። የካርቱም መሬት ቀድሞውኑ ጨው ጨው የሚል ባሕርይ በብዙ ስፍራ አለው፤ የሲሚንቶና የኖራ ትራፊ ሲጨመርበት ሎሚና ብርቱካን ቅጠላቸው ቢጫ ሆኖ ይቀጭጫሉ። ስለዚህ ስባሪው ተለቅሞ፥ የኖራው ዐፈር ተዝቆ ይውጣ። ከዚያም ጕልበት የሚደርስ ጕድጓድ ቈፍሮ ውኃ ይሙላበት። ውኃው በማግሥቱ እንደ ቆመ ከተገኘ መሬቱ አይተነፍስም ማለት ነው፤ እንዲህ ባለ ስፍራ የተተከለ ሥር ታፍኖ ይሞታል። ሰፋ አድርጎ መቈፈር፥ ዐፈሩን ማላላት፥ የበሰለ ፍግ መቀላቀል ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፥ መጠየቅ ነው። በሰፈሩ የቆየች አንዲት የሱዳን እናት መቼ እንደሚዘራ፥ የትኛው ችግኝ እንደሚጸድቅ፥ ፍየል እንዳይበላው በምን እንደሚታጠር ከመጽሐፍ ይልቅ ታውቃለች። ብዙ ጎረቤቶች በሰላምታ ብቻ ተለያይተው ዓመታት ያልፋሉ። «እናታችን፥ ይህ ተክል ስለ ምን ደረቀብኝ?» ብሎ የጠየቀ እንግዳ ግን በዚያ ቀን ጎረቤት አገኘ። የሚሰጠው የሌለው ድኻ እንኳ ጥያቄን ሊሰጥ ይችላል፤ በትሕትና የቀረበ ጥያቄ ለተጠያቂው ክብር ነውና።

አራተኛ፥ በጥቂት መጀመር ነው። በዝናማማው አገር መደብ ከፍ ተደርጎ ይሠራል፤ በደረቁ አገር ግን ውኃው እንዳይሸሽ ዝቅ ተደርጎ ይሠራል። አንድ የጥላ ዛፍና አንድ ዝቅ ያለ መደብ ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃሉ። ውኃውንም በየሰዓቱ ከመርጨት ይልቅ ማታ ፀሐይ ከገባች በኋላ ወይም ጎሕ ሲቀድ አጥልቆ ማጠጣት ይሻላል። ላይ ላዩን የሚጠጣ ሥር ላይ ላዩን ይቀራል፤ ጠልቆ የሚጠጣ ግን ጠልቆ ይወርዳል። የዛፉን ግርጌ በደረቅ ሣርና በቅጠል መሸፈንም ርጥበቱን ከፀሐይ ይሰውራል።

ለጥላ የሚሆነው ዛፍ በካርቱም መንገዶች ሁሉ የሚታየው ኒም ነው። ዘሩ ከወደቀ በኋላ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ኃይሉን ያጣልና አዲስ ሳለ መተከል አለበት። ከተያዘ ግን ሙቀትንና ጥማትን የሚታገሥ፥ ፈጥኖ የሚያድግ ዛፍ ነው። ከግንብ አጠገብ ግን አይተከል፤ ሥሩ ግንቡን ይገፋልና።

ይህ ኒም ራሱ የሱዳን ተወላጅ አይደለም። ትውልዱ ከህንድ ወገን ነው፤ ወደ ሱዳን የገባውም ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት ነው። በእኛም አገር የዚህ ምሳሌ አለ። አዲስ አበባ በተቈረቈረች በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዙሪያዋ ያለው እንጨት አልቆ፥ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው ነበር። ከተማዪቱን በስፍራዋ ያጸናት ከአውስትራልያ የመጣው እንግዳ ዛፍ ነው፤ ስሙም እንግድነቱን ይመሰክራል፤ ባሕር ዛፍ ተባለ። የአንዱ አገር እንግዳ ለሌላው አገር ምሰሶ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምን ምስክር ያሻል?

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። የራሱ ላልሆነው መሬት ሰው ዕዳ አለበትን? እኛ አለበት እንላለን። ምክንያቱም ይህ ነው። ዴም በተሸነሸነ ባዶ መሬት ላይ የተነሣ ሰፈር ከሆነ፥ በሰፈሩ የሚገኝ ጥላ ሁሉ የተከለው ሰው አለው ማለት ነው። በ1970ዎቹ ደክሞት ከገዳሪፍ የመጣው ኢትዮጵያዊ በመንገድ ዳር ከአንድ ኒም በታች ተቀምጦ ዐርፎ እንደ ሆነ፥ ያንን ዛፍ የተከለው እርሱ አልነበረም፤ ምናልባትም ቤቱ የፈረሰበት፥ በዕድሜው መጨረሻ በባዶ መሬት ላይ የተጣለ ሰው ነበረ። ስሙን አናውቀውም። ጥላውን ግን ተቀምጠንበታል። በሱዳን ከደጅ ውጭ ከዛፍ ሥር ዚር የሚባል የሸክላ ጋን አቁሞ ለመንገደኛ ውኃ ማኖር የቆየ ልማድ ነው። ከዚያ ውኃ የጠጣ መንገደኛ የጋኑን ባለቤት ስም አይጠይቅም፤ ባለቤቱም የጠጪውን ስም አይጠይቅም። እንዲህ ያለው ዕዳ ወደ ኋላ ተመልሶ ሊከፈል አይቻልም፤ ሰጪው የለምና። የሚከፈለው ወደ ፊት ነው፤ ከእኛ በኋላ ለሚመጣው።

በዚህ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ፤ እነርሱንም ሳንሸሽ እንመርምር።

የመጀመሪያው ተቃውሞ የፍትሕ ነው። «እኔ ጥላ ባበጅ ባለቤቱ ቤቱ አማረ ብሎ ኪራይ ይጨምርብኛል፤ ወይም አስወጥቶኝ ለሌላ ያከራየዋል» ይላል ተከራዩ። ይህ ፍርሃት ሐሰት አይደለም፤ እንዲህ የሚያደርግ ባለቤት በየአገሩ ይገኛል፤ እንዲህ ማድረግም በሌላው ላብ መክበር ነው። ነገር ግን ለዚህ መድኃኒቱ ግቢውን ባዶ መተው ሳይሆን ነገርን በጊዜው ማስተካከል ነው። በሰው መሬት ላይ ሳያስፈቅዱ መቈፈር አይገባም፤ አስቀድሞ መጠየቅና በምስክር ፊት መስማማት ይገባል። ደግሞም ተካዩ በልቡ አንድ ልዩነት ያድርግ። በጣሳና በማሰሮ የተተከለው የተካዩ ነው፤ በለቀቀ ጊዜ ይዞት ይሄዳል፤ ጤና አዳሙም፥ በሶብላውም እንዲሁ ይሁን። በመሬት የተተከለው ግን ስጦታ ነው። ሰው ከመትከሉ በፊት የትኛውን እንደሚያደርግ ይወቅ። ስጦታን ሰጥቶ በኋላ እንደ ብድር የሚቈጥር ሰው ባለ ዕዳ ሳይኖረው ሲከስ ይኖራል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የፍቅር ነው። «በሰው አገር ሥር የሰደደ ሰው አገሩን ይረሳል» ይላሉ። ለዚህ መልስ የሚሆን ከሁሉ የቆየ ደብዳቤ አለ፤ ነቢዩ ኤርምያስ ወደ ባቢሎን ለተማረኩት የጻፈው ነው። በሃያ ዘጠነኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈ፥ ምርኮኞቹ ቤት እንዲሠሩ፥ አትክልት ተክለው ፍሬውን እንዲበሉ፥ ለሚኖሩባትም ከተማ ሰላምን እንዲፈልጉ አዘዛቸው። ብዙ አንባቢ ግን የሚዘነጋው ነገር አለ፤ ወደ አገራቸው እንደሚመለሱ የተሰጣቸው ተስፋ በዚያው ደብዳቤ ውስጥ ይገኛል፤ ዘመኑም ሰባ ዓመት ተባለ። ሰባ ዓመት ማለት ከተከሉት መካከል አብዛኞቹ መመለሱን አያዩም ማለት ነው። ስለዚህ መትከልና መናፈቅ በአንድ ወረቀት ላይ ተጻፉ፤ አንዱ ሌላውን አልሻረውም። አገሩን የሚረሳ ሰው ዛፍ በመትከሉ አይደለም የሚረሳው፤ የአገሩን ቋንቋ ለልጁ ባለማስተማሩ፥ የወገኑን መከራ ባለመስማቱ ነው። እንዲያውም መሬት የሚቈፍር እንግዳ ከሥራ ፈቱ ይልቅ አገሩን ያስታውሳል። ከዴም ወጥቶ ሁለቱ ዓባዮች ወደሚገናኙበት ወደ ቱቲ ደሴት የሄደ ሰው፥ የሚለማው ጥቁር ዐፈር በጥቁር ዓባይ ጎርፍ ከኢትዮጵያ ደጋ እየታጠበ የመጣ መሆኑን ሲያስብ፥ ባዕድ ያለው ምድር ከፊሉ የጎጃም ምድር ሆኖ ያገኘዋል። ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል ይባላል፤ ነገር ግን ማደሪያ የሌለው ወንዝ ላለፈበት ሁሉ ዐፈር ይተዋል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ የከበደ ነው፤ እርሱም የጥፋት ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ. ም. በካርቱም ጦርነት ተነሣ። በዴም የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ሱዳናውያንም ቤታቸውን ዘግተው፥ ዘግተውም ያልቻሉ ክፍቱን ትተው ሸሹ። ያጠጧቸው ተክሎች በዚያው ግንቦት ሙቀት ያለ ውኃ ቀሩ። ማገዶ ባጡ ሰዎች ብዙ የከተማዪቱ ዛፎች ተቈረጡ፤ በነጭ ዓባይ ዳር የነበረው የሱኑት ደን እንኳ ተመናመነ። በመጋቢት 2017 ዓ. ም. የአገሪቱ ሠራዊት ከተማዪቱን መልሶ ያዘ፤ የተመለሱት ሰዎች ያገኙት ግን በብዙ ስፍራ የተዘረፈ ቤትና ፍርስራሽ የሞላበት ግቢ ነው። «ታዲያ ያ ሁሉ ድካም ለምን ሆነ?» ቢል ሰው ምን እንመልሳለን?

በቀላል ቃል ልናጽናናው አይገባንም፤ የደረቀ ዛፍ ደርቋል። ነገር ግን ሁለት ነገር እንላለን። የመጀመሪያው፥ በክፉ ሰዎች እጅ የጠፋ መልካም ሥራ ከመጀመሪያውም ከንቱ ነበር ማለት አይደለም። ለዐሥር ዓመት ጥላ የሰጠ ዛፍ ዐሥር ዓመት ጥላ ሰጥቷል፤ በሥሩ ያደጉ ልጆች አድገዋል፤ በእርሱ ምክንያት የተዋወቁ ጎረቤቶች ተዋውቀዋል። መጥረቢያ ያለፈውን ዘመን አይቈርጥም። በዘዳግም ሃያኛው ምዕራፍ ከተማ ሲከበብ የፍሬ ዛፍ እንዳይቈረጥ የተከለከለው፥ ዛፍ የሰዎች ጠብ ተካፋይ ስላልሆነ ነው፤ ሕጉ መከልከሉም ሰው በቍጣው ጊዜ ይህን እንደሚረሳ ያሳያል። ሁለተኛው፥ የጠፋው ሁሉ እንደ ገና ሲጀመር፥ ተመላሹ ሰው ዳግመኛ በባዶ ግቢ ፊት የሚቆም ጀማሪ ነው። ያን ጊዜ የሚረዳው የቀድሞው ዛፍ ሳይሆን ዛፍ በመትከል የተማረው ትዕግሥት ነው። በዘሌዋውያን ዐሥራ ዘጠነኛው ምዕራፍ የተተከለው ዛፍ ፍሬ ሦስት ዓመት አይበላም፤ የአራተኛው ዓመት ፍሬ ለምስጋና ነው፤ ተካዩ የሚበላው በአምስተኛው ዓመት ነው። ይህን ሕግ የተማረ ሰው ከዛሬው ትርፍ በላይ ማየትን ይማራል።

ከዚህ በላይ ደግሞ ነገሩ ወደ እኛው ደጅ ተመልሷል። ጦርነቱ በተነሣ ጊዜ ብዙ ሱዳናውያን በመተማ በኩል ወደ ምዕራብ ጎንደር ተሻግረው ገቡ። ቀድሞ ጥላቸው ሥር የተቀመጥንባቸው፥ ከዚራቸው ውኃ የጠጣንባቸው ሰዎች በድንኳን ውስጥ እንግዶቻችን ሆኑ። እንግዲህ ጥያቄው ተገለበጠ፤ «እንግዳ ይትከልን?» ማለት ቀርቶ «ባለአገሩ እንግዳውን ያስተክለውን?» የሚል ሆነ። እንግዳ ሊተክል የሚችለው ባለአገሩ ጥቂት መሬትና ጥቂት ውኃ ሲለቅለት፥ ይልቁንም በሰላም እንዲያድር ሲጠብቀው ነው። በሌሊት የሚፈራ ሰው ዘር አይዘራም። በዴም ያጠጡንን የሚያስታውስ ሰው በመተማ መንገድ ላይ ፊቱን ሊያዞር አይገባውም።

እንግዲህ፥ የተወደዳችሁ አንባቢዎች፥ ለመልቀቅ ቀርቦ ለሚኖር ሰው የሚገባውን በጥቂት ቃል እንሰብስበው። በያዛችሁት ግቢ ውስጥ፥ የእናንተ ቢሆንም ባይሆንም፥ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ አንድ ዛፍ ትከሉ። ፍርስራሹን አንሡ፤ ጎረቤታችሁን ጠይቁ፤ በጥቂት ጀምሩ፤ ጠልቆ እንዲጠጣ አጠጡ። የሚሄደውን በጣሳ፥ የሚቀረውን በመሬት አድርጉ፤ የቀረውንም እንደ ጠፋ አትቍጠሩት። እናንተ በሄዳችሁ ጊዜ የሚገባው ሰው ስማችሁን አያውቅ ይሆናል። ነገር ግን በቀትር ደክሞት መጥቶ ከጥላው በታች ሲቀመጥ፥ በዚህ ስፍራ ከእርሱ በፊት ሰው እንደ ነበረ ያውቃል።